በእትዬ ዘነበች ስም የጠየቅኩት

ይህን ነገር ሙሉውን የሰማ ሰው የለም። ግማሹን የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ አሉ፤ እሳቸውም የሚያውቁት ቀለል የሚለውን ግማሽ ነው። ለእናቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም አልነገርኩም። ፊታቸው በተንበረከክኩ ቁጥር የማቀርበው ትንንሹን ነው፦ ጾም መሻሬን፣ ሰው ማማቴን፣ በሰንበት ልብስ ማጠቤን። እሳቸው ስግደት ያዙልኛል፤ እኔም እሰግዳለሁ። ለትንሹ ሰግጄ ትልቁን ይዤ ወደ ቤቴ እመለሳለሁ። ስንት ጊዜ እንዲህ እንደተመለስኩ እግዚአብሔር ይወቀው።

ስሜ ሀና ነው። የምኖረው ቡራዩ፣ የምሠራው ሰበታ ነው። የምሠራበት ድርጅት ባለቤቱ አንድ ሆኖ ሦስት ቦታ ተከፍሏል፤ ሰበታ የፕላስቲክ ዕቃ ፋብሪካ፣ ቡራዩ መጋዘን፣ ሱሉልታ ደግሞ ውሃ ማሸጊያ አለው። የሦስቱም ቦታ መረጃ፣ የዕቃውም የሠራተኛውም፣ በአንድ ዳታቤዝ ውስጥ ተቀምጧል። የእኔ ሥራ ከዚያ ዳታቤዝ ማን ምን መጠየቅ እንደሚችል መወሰን ነው። የመጋዘኑ ሰው ስንት ባልዲ እንደቀረው ሲጠይቅ ሲስተሙ ይመልስለታል፤ የሠራተኛ አድራሻ ቢጠይቅ ግን አይመልስለትም። የማይመልስለት እኔ እንዳይመልስለት ስላደረግኩ ነው። ዘበኛ ነኝ ማለት ይቻላል፤ የምጠብቀው በር ብቻ በዓይን አይታይም።

እትዬ ዘነበች የሠራተኛ አስተዳደር ኃላፊ ነበሩ። ጡረታቸው ተቃርቧል፤ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ሲፈልጉት ያጡታል። ሥራ የጀመርኩ ቀን በዚያ ሁሉ ሰው መሀል «ነይ ምሳሽን ከእኔ ጋር ብዪ» ያሉኝ እሳቸው ብቻ ናቸው። ኮምፒውተር ይፈራሉ። ፓስወርዳቸው ሲጠፋባቸው ይጠሩኝና፣ «ሀንዬ፣ እባክሽ አስተካክዪልኝ፤ አንቺው ጻፊው» ይሉኛል። በመጨረሻ የማይረሱት ቃል እንዲመርጡ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና የልጃቸውን ስም መረጡ። ናሆም ይባላል፤ በልጅነቱ ነው የሞተባቸው። ያን ቃል የጻፍኩላቸው እኔ ነኝ። ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቀው ሰው አልነበረም።

አንድ ቀን ቢሮአቸው አስጠሩኝና በሩን እንድዘጋው አዘዙኝ። አንዲት ወጣት ሴት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ ቀኝ ክንዷ በጀሶ ታስሯል። አስቴር ትባላለች። ከደቡብ መጥታ እኛ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል የምትሠራ ናት፤ በዓይን አውቃታለሁ። ትንሽ ሴት ልጇ ኤልዳና እግሯ ሥር ቁጭ ብላ የባልዲ ክዳን ታሽከረክራለች።

«ይቺን ልጅ ወደ ሱሉልታ አዛውሬያታለሁ» አሉኝ እትዬ ዘነበች። «ባሏ እዚህ በር ድረስ እየመጣ ነው። የት እንደምትሠራ፣ የት እንደምትኖር ከእኔ በቀር ማንም እንዳያይ አድርጊልኝ። አንቺም ጭምር።»

«እኔም?»

«አንቺም፣ ሀንዬ። ሰው ካላወቀ አይጠየቅም።»

እዚያው ፊታቸው ተቀምጬ የአስቴርን መረጃ ዘጋሁ። የራሴንም መግቢያ ዘጋሁ። ስወጣ አስቴር በደህና እጇ እጄን ያዘችና «እህቴ፣ አደራ» አለችኝ። እኔም «አታስቢ» አልኳት። ክንዷን አይቻለሁ። ጀሶውን አይቻለሁ። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ «አታውቅም ነበር» ብላችሁ እንዳታዝኑልኝ ነው።

አሁን ወደ ኦቦ ደገፋ ልምጣ። ግማሹን ያውቃሉ ያልኳችሁ ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። አባቴ ሲሞት ዘመዶቹ እናቴንና እኔን ከቤት አስወጡን። ኦቦ ደገፋ ከግቢያቸው ሁለት ክፍል ሰጡን፤ እስከ ዛሬ የምንኖረው እዚያው ነው። እርሻቸው ከተማ ሆኖ አልቆባቸው የቀሩላቸው ጥቂት ላሞች ናቸው፤ ግን በሰፈራችን ሰው ተጣልቶ ከእሳቸው በር ሳይደርስ አይታረቅም። እኔን «ኢንተለ ኮ» እያሉ፣ ልጄ እያሉ አሳደጉኝ። ምንም ነገር ለምነውኝ አያውቁም። ከዚያች እሑድ በፊት ማለቴ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አንድ ሰው ይዘው ገቡ። ደረጀ ይባላል፤ አሸዋ የሚጭን መኪና ሹፌር ነው። ሰውየው መቀመጫው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ኮፍያውን በእጁ እያሻሸ አለቀሰ። ሚስቱ ጥላው እንደሄደች፣ ልጁን ካየ መቆየቱን፣ ጥፋተኛው እሱ መሆኑን፣ ይቅርታ ብቻ እንደሚፈልግ ተናገረ። የሚስቱን ስም ሲጠራ ገባኝ። አስቴር።

«ኢንተለ ኮ» አሉ ኦቦ ደገፋ፣ «ባልና ሚስት ሳይነጋገሩ እንዴት ይታረቃሉ? እሱ አይሄድም። ያለችበትን ካወቅሁ እኔው ራሴ ሄጄ አነጋግራታለሁ። እንቢ ካለችም እንቢታዋን ይዤ እመለሳለሁ።»

«አልችልም፣ ኦቦ» አልኳቸው። «እንዳይታይ ተከልክሏል።»

ሳቅ አሉ። «ከልካይዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

እናቴ ዓይኗን ጣለችብኝ። ዓይኗ «እኚህን ሰው እንቢ ልትያቸው ነው?» ይላል። ተጨንቄ ነበር? አዎ። መውጫ ያጣሁ መስሎኝ ነበር? አዎ። ግን እውነቱን ልናገር ብዬ ከተቀመጥኩ ይህንንም ልናገር፦ ኦቦ ደገፋ «ከልካይዋ አንቺ አይደለሽም እንዴ?» ሲሉ ደስ ብሎኝ ነበር። ባለሥልጣን የሆንኩ መሰለኝ። ያሳደጉኝ ሽማግሌ የእኔን በር ሲያንኳኩ ልቤ ሞቀ። «ኦቦ፣ የዚህን ሰው ሚስት ክንዷ ተሰብሮ አይቻታለሁ» ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። ብነግራቸው ኖሮ ሰውየውን እጁን ይዘው ያስወጡት ነበር፤ አውቃቸዋለሁ። አልነገርኳቸውም። ለምን? ሰውየው ፊቴ ነበር፣ እንባው ፊቴ ነበር፣ አፈርኩ። ሰው በማፈሩ እንዲህ ያለ ነገር ያደርጋል? እኔ አደረግኩ።

ሰኞ ምሳ ሰዓት ሁሉም ወደ ካፍቴሪያ ሲወርድ እኔ ቀረሁ። ለራሴ ፈቃዱን መልሼ መስጠት እችል ነበር፤ ግን ሲስተሙ ፈቃድ መስጠቴን በስሜ ይመዘግባል። ስለዚህ በእትዬ ዘነበች ስም ገባሁ። ፓስወርድ ሲለኝ የሞተውን ልጃቸውን ስም ጻፍኩ። እዚህ ላይ ቆማችሁ አስቡልኝ። ክፋቱ ባይገባኝ ኖሮ በራሴ ስም እጠይቅ አልነበረም? በሌላ ሰው ስም የጠየቅኩት ስለገባኝ ነው። ሽማግሌ አክብሬ ነው፣ ለማስታረቅ ብዬ ነው የሚለውን ሁሉ ያቺ የምሳ ሰዓት ታፈርስብኛለች።

ሲስተሙ መለሰልኝ። ሲስተም ስም እንጂ ሰው አያውቅም። ሱሉልታ፣ ከጤና ጣቢያው ጀርባ ያለ ግቢ፣ የአከራይዋ ስም፣ የአስቴር የሥራ ፈረቃ፣ ሁሉም ወጣ። ወዲያው ለኦቦ ደገፋ ደወልኩ። ስናገር እሳቸው እንዳይረሱት ጮክ ብለው ይደግሙታል። ከጎናቸው ማን እንደተቀመጠ አልጠየቅኩም። «ገለቶሚ፣ ኢንተለ ኮ» ብለው አመስግነውና መርቀውኝ ዘጉ። እኔም ወርጄ ምሳዬን በላሁ። እትዬ ዘነበች ቦታ ይዘውልኝ ነበር።

ኦቦ ደገፋ አብሯቸው የሚሄድ ሌላ ሽማግሌ እየጠበቁ ሳሉ ደረጀ አልጠበቀም። አስቴር ሥራ ላይ በነበረችበት ሰዓት መኪናውን ይዞ ሱሉልታ ወጣ። ልጅቷን የምትጠብቅላት አከራይዋ ነበረች፤ አባቷ ነኝ ብሎ ነጥቋት ወጣ። ሰው ለአስቴር ነግሯት እየሮጠች ስትመጣ መንገድ ላይ ተገናኙ። በመኪናው የጎማ መፍቻ ብረት መታት። መንጋጋዋ ተሰበረ፤ ያ ገና የዳነው ክንዷም እንደገና ተሰበረ። እሷን መንገድ ዳር ጥሎ ልጅቷን ጭኖ ጠፋ።

እኔ ወሬውን የሰማሁት ጠዋት ሰርቪስ ውስጥ ነው። የማሸጊያ ክፍል ሴቶች ያለቅሳሉ። አንዷ «ማን ነገረው? የት እንዳለች ማን ነገረው?» እያለች ደረቷን ትመታለች። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ያዝኩ። ዓለም ገና ከተማ እስክንደርስ ድረስ አንገቴን አላዞርኩም።

ሥራ አስኪያጁ ወደ ቢሮው አስጠራኝ። «የልጅቷን አድራሻ ማን እንዳየው ከሲስተሙ አውጥተሽ አምጪልኝ» አለኝ። ይህን ሥራ ከእኔ በቀር የሚሠራው አልነበረም። ዳኛውም መስካሪውም ወንጀለኛውም እኔ ሆኜ ወደ ወንበሬ ተመለስኩ። መዝገቡን ከፈትኩት። ሰኞ ስቸኩል የረሳሁት ነገር ነበር፤ ሲስተሙ የጠያቂውን ስምና ሰዓቱን ብቻ ሳይሆን ጥያቄው ከየትኛው ኮምፒውተር እንደመጣም ይጽፋል። ስሙ የእትዬ ዘነበች ነው። ኮምፒውተሩ የእኔ ነው።

ያኔም መመለስ እችል ነበር። የሆነውን ሁሉ እንደሆነ አትሜ ብሰጠው እዚያው ያልቅ ነበር። እኔ ግን የኮምፒውተሩ ስም ያለበትን ዓምድ ቀንሼ የቀረውን አተምኩት። ሥራ አስኪያጁ እንዲህ ያለ ዓምድ መኖሩን አያውቅም፤ ያላወቀውን ደግሞ አይጠይቅም።

እትዬ ዘነበች ተጠሩ። እኔም እዚያው እንድቆይ ታዘዝኩ። ወረቀቱን ሰጣቸው። መነጽራቸውን አንገታቸው ላይ ፈልገው አደረጉና ደጋግመው አነበቡት። ይቆጣሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ወደ እኔ ይዞራሉ፣ «ፓስወርዴን የምታውቂው አንቺ ነሽ» ይላሉ ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢሉኝ ኖሮ ምናልባት... ምናልባት እያልኩ ግን እናንተን ማታለል አልፈልግም።

«ምሳ ሰዓት ነው የሚለው» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ አልጠየቅኩም። ለምሳ ስወጣ ከፍቼው ሄጄ ይሆናል። ሰው ገብቶ አይቶ ይሆናል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። የዞሩት ሊከሱኝ አልነበረም፤ እንዳስረዳቸው ነው። «አይደል፣ ሀንዬ? ክፍት ከተተወ ማንም ሊያይ ይችላል?»

«አዎ» አልኳቸው። «ይችላል።»

ይኸው ነው። ከሁሉ ይልቅ የሚያቃጥለኝ ይህ ቃል ነው። አድራሻውን የሰጠሁት ተለምኜ ነው እንበል። ዓምዱን የቀነስኩት ፈርቼ ነው እንበል። ይህን ግን አንዲት አሮጊት አምነውኝ ሲጠይቁኝ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ነው ያልኩት። ውሸት እንኳ አልነበረም። ክፍት ከተተወ ማንም ሊያይ ይችላል። እውነት ተናግሬ ሰው ቀበርኩ።

እትዬ ዘነበች ከሥራ ተሰናበቱ። ያን ሁሉ ዘመን አገልግለው ሽኝት እንኳ አልተደረገላቸውም። ዕቃቸውን ሲሸክፉ አገዝኳቸው። በር ላይ ጉንጬን ሳሙኝና «አንቺ ልጅ ነሽ፣ ከእኔ ተማሪ፤ ከወንበርሽ ስትነሺ ዘግተሽ ተነሺ» ብለው መከሩኝ። ለአስቴር ለቀናት አልቅሰዋል። ሆስፒታል ሊጠይቋት ሄደው የአስቴር እህት በር ላይ እንደመለሰቻቸው ቆይቼ ሰማሁ።

ኦቦ ደገፋ ነገሩን እንደሰሙ ወደ እኛ ቤት መጡ። እንደዚያን ቀን አርጅተው አይቻቸው አላውቅም። «አታለለኝ» አሉ። «ሽማግሌነቴን ወስዶ መሣሪያ አደረገው። አንቺ ያልኩሽን ነው ያደረግሽው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።» እኔም ሰጡኝ ብዬ ያን ምሕረት ወሰድኩ። ስለ እትዬ ዘነበች ትንፍሽ አላልኩም። አድራሻውን መስጠቴን ያውቃሉ፤ በማን ስም እንደጠየቅኩ፣ ማን እንደተባረረበት ግን እስከ ዛሬ አያውቁም።

«ልጅቷን እኔ እመልሳታለሁ» አሉ። «አስቀድመን ግን እናቷ ዘንድ ሄደን እግሯ ላይ እንውደቅ። ነይ አብረን እንሂድ።»

ሥራ አለብኝ አልኳቸው። ብቻቸውን ሄዱ። አስቴር ከማን እንደሰሙ ስትጠይቃቸው «ከእኔ አፍ ነው የወጣው፤ ከእኔ ወዲያ አትጠይቂ» አሏት። ከዚያ ሁለት ሽማግሌዎች ይዘው የደረጀ ዘመዶች ወዳሉበት ገጠር ወረዱ። ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ክረምቱን ጭቃ እያቦኩ እንደገና ወረዱ። ሰውየውን ፖሊስ ይዞት ተፈረደበት፤ ልጅቷ ያለችበትን ግን አልናገርም ብሎ ነበር። ዓመት አልፎ በመጨረሻ አንዲት አክስቱ ቤት እንዳለች ደረሱበት። ሽማግሌዎቹ የአክስቲቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለው፣ ቤት ግቡ ቢሏቸው እንቢ ብለው፣ ልጅቷን ሳይዙ ላይነሱ ማሉ። ተሰጠቻቸው።

ኤልዳና እናቷን አላወቀቻትም። ኦቦ ደገፋ ናቸው የነገሩኝ። አስቴር እጇን ስትዘረጋላት ልጅቷ ተመልሳ የኦቦ ደገፋ ጋቢ ውስጥ ገባች፤ «እማ» እያለች የምትጠራው አክስቲቱን ነበር። አስቴር መሬት ላይ ተቀመጠችና ልጅቷ ራሷ እስክትቀርባት ጠበቀች። እስኪመሽ አልቀረበቻትም። ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ ኦቦ ደገፋ በትራቸውን ይዘው ወጡ። ከዚያ ወዲህ በግቢው ስንተላለፍ «አከም» ይሉኛል፣ ደህና ነሽ ወይ ይሉኛል፤ ኢንተለ ኮ ብለውኝ ግን አያውቁም።

እኔስ ምን ሆንኩ? አደግኩ። ያ ነገር ከደረሰ በኋላ ባለቤቱ የሲስተሙ ጥበቃ እንዲጠናከር አዘዘ፤ ሥራውም ለእኔ ተሰጠኝ። ትጋቴን ያየ ሁሉ ተደነቀ። የሠራተኛ መረጃ ለመጠየቅ ሁለት ሰው ማጽደቅ አለበት አልኩ። መዝገቡን ማንም እንዳይሰርዘው አደረግኩ። ማንም ስል እኔንም ነው፤ ራሴን ነጥዬ ብተው ሊጠረጥሩኝ ይችሉ ነበር። የዚያች ሰኞ ምሳ ሰዓትም ከነኮምፒውተሩ ስም እዚያ ውስጥ አለች። መሰረዝ አልችልም። መዝገቡን ማየት የሚችለው ግን የእኔን ቦታ የያዘ ሰው ብቻ ነው።

ስለዚህ ቦታዬን መልቀቅ አልችልም። ገባችሁ? አዲስ አበባ ውስጥ ከዚህ የተሻለ ሥራ ጠርቶኝ ነበር፤ ይቅርብኝ አልኩ። ሊያገባኝ የነበረ ሰው ሥራው አዳማ ሆነና «ነይ አብረን እንኑር» አለኝ፤ እናቴን ጥዬ አልሄድም አልኩት። እናቴ «እኔ ምን ሆንኩ ብለሽ ነው? ሂጂ እንጂ!» እያለች ታለቅስ ነበር። ሌላ አግብቷል አሁን። ዕረፍት ስወጣ ስልኬን ከእጄ አላወርድም። አመመኝ ብዬ አልቀርም። ረዳት ይቀጠርልሽ ሲሉኝ ወጪ ለምን ታበዛላችሁ እላለሁ፤ ለድርጅቱ አሳቢ ትባላለች ሀና። የሌላውን ሰው ሁሉ መግቢያ ስዘጋ የኖርኩ ሴት የራሴን መውጫ ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ማንም አላሰረኝም። ቁልፉም በእጄ ነው።

እትዬ ዘነበችን አንድ ጊዜ ታክሲ ውስጥ አገኘኋቸው። ከአየር ጤና ወደ ሰበታ ስንወርድ ነው፤ አዩኝና ጎትተው አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ከስተዋል። ስለ ሥራ ጠየቁኝ፣ ስለ እናቴ ጠየቁኝ። ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሀንዬ፣ ያን ቀን ኮምፒውተሩን የዘጋሁት ይመስለኛል» አሉኝ። «እጄ ሲዘጋው ትዝ ይለኛል። ቀጥሎ ደግሞ ካልዘጋሁትስ እላለሁ። አሁን ቤቴን ቆልፌ ወጥቼ መንገድ ላይ እመለሳለሁ፤ ቆልፌዋለሁ ወይ ብዬ። ምድጃውን አጥፍቼ እንደገና አየዋለሁ። ራሴን ማመን ተውኩ።»

ዘግተውት ነበር። እኔ አውቃለሁ። እትዬ ዘነበች ያን ቀን ኮምፒውተራቸውን በሚገባ ዘግተው ነው ምሳ የወረዱት። የወሰድኩባቸው ሥራቸውን ብቻ ቢሆን እንዴት ጥሩ ነበር። የገዛ እጃቸውን፣ የገዛ ትዝታቸውን ነው ያስካድኳቸው። አንድ ቃል ብናገር ይመለስላቸው ነበር። ሰበታ እስክንደርስ ስለ ብርዱ አወራሁላቸው።

ይህን እንድጽፍ ያደረገኝ በቅርቡ የሆነ ነገር ነው። አስቴር ቢሮዬ መጣች። ሱሉልታ እዚያው ትሠራለች፤ ከልጇ ጋር ቤት ቀይራለች። ስትናገር መንጋጋዋ በአንድ በኩል ያዝ ያደርጋታል። ኤልዳና አድጋለች፤ የትምህርት ቤት ሹራብ ለብሳ በር ላይ ቆማ ታየኛለች። አልገባም አለች። ሰው ቶሎ አትቀርብም አለችኝ እናቷ፣ ይቅርታ የምትጠይቅላት ይመስል።

«ሰውየው ሊፈታ ነው አሉ» አለችኝ። «እንደ ድሮው ዝጊልኝ። ከአንቺ በቀር የማምነው የለኝም።»

ዘጋሁላት። ሁለት ሰው ማጽደቅ አለበት፤ አንዷ እኔ ነኝ። ሊወጡ ሲሉ አስቴር ቆም አለች።

«ያኔ ኮምፒውተሩን ክፍት የተዉት እትዬ ዘነበች ናቸው አይደል?»

ሥራ አስኪያጅ አልነበረም። ወረቀት አልነበረም። የሚያባርረኝ፣ የሚያስፈራራኝ፣ የሚለምነኝ፣ በዓይኑ የሚገፋኝ ማንም አልነበረም። ሁለታችን ብቻ ነበርን፤ ልጅቷም በር ላይ።

«አዎ» አልኩ።

«ይቅር ብያቸዋለሁ» አለች። «ብዙ ጊዜ ፈጅቶብኛል። በጸሎት ነው ጌታ የረዳኝ። እህቴ ከሆስፒታል በር መልሳቸዋለች፤ ያ ያሳዝነኛል። ስልካቸው ካለሽ ስጪኝ፤ እንዳይጨነቁ ልነግራቸው እፈልጋለሁ።»

ስልካቸው በራሴ ስልክ ውስጥ ነው። ለበዓል ይደውሉልኛል። ግን ሁለቱ ቢነጋገሩስ? እትዬ ዘነበች «ዘግቼው ነበር መሰለኝ» ቢሏትስ? አስቴርስ «ታዲያ ማን ነው?» ብላ ብታስብስ? ይህን ሁሉ በአንድ ቅጽበት አሰብኩ፤ ክፉ ነገር ላይ አእምሮዬ ፈጣን ነው።

«የቀድሞ ሠራተኛ ስልክ ለሰው መስጠት ክልክል ነው» አልኳት።

አስቴር ራሷን ነቀነቀች። «ልክ ነሽ» አለች። «እንዲህ መጠንቀቅ ነው እንጂ።» አመስግናኝ የልጇን እጅ ይዛ ወጣች።

ያ ይቅርታ የእኔ ነበር። አስቴር ተሸክማው ከሱሉልታ ድረስ መጥታ፣ ሳታውቅ ፊቴ አስቀመጠችው። በሌላ ሰው ስም ስለነበር ልወስደው አልቻልኩም፤ ለባለስሙም እንዳይደርስ ከለከልኩ። ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ፈርቼ ነበር፣ ሽማግሌ ለምኖኝ ነበር እያልኩ ስኖር ቆይቻለሁ። አሁን ወጣት አይደለሁም። ማንም አልለመነኝም። ያን በደል እንደገና፣ ዓይኔን ገልጬ፣ በሙሉ ልቤ ሠራሁት። እንግዲህ የመጀመሪያውን በምን ላመካኝ?

ነገርኳችሁ። ይቀለኛል ብዬ ነበር፤ አልቀለለኝም። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይህን መስማት የነበረባቸው ሴቶች አልሰሙም። እናንተ ከእነሱ ቀድማችሁ መስማታችሁ ራሱ በእነሱ ላይ የጨመርኩት ሌላ በደል ነው። እትዬ ዘነበች ከቢሮዬ በእግር የሚደረስ ቤት ውስጥ ናቸው፤ ዛሬም ምናልባት በራቸውን ቆልፈው፣ ከመንገድ ተመልሰው እጀታውን እየነካኩ ይሆናል። ወደ ሱሉልታም ከጠዋት እስከ ማታ ታክሲ አለ። ያልሄድኩት እኔ ነኝ።